ከመቅደስ ወደ እልፍኝ ስለ ገባ ዕቃ

ለእግዚአብሔር የተለየ ዕቃ ወደ ሰው ቤት ሲገባ የሚሆነውን ነገር ብሉይ ኪዳን በሁለት ወገን ይተርካል። ታቦተ ጽዮን በጌት ሰው በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር በተቀመጠች ጊዜ እግዚአብሔር አቢዳራንና ቤተ ሰቡን ሁሉ ባረከ፤ ብልጣሶር ግን ከኢየሩሳሌም የተማረከውን የወርቅና የብር ዕቃ በግብር አዳራሽ አስቀርቦ ከመኳንንቱና ከቁባቶቹ ጋራ በጠጣበት ሌሊት እጅ በግድግዳ ላይ ስትጽፍ አየ፥ በዚያችም ሌሊት ተገደለ። የአቢዳራ ቤት ዕቃውን ጠበቀ፤ የብልጣሶር ቤት ተገለገለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ ቤት አለ፤ እርሱም የፈረሰ ወይም የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ በገንዘብ ተገዝቶ፥ ከምስጥና ከእሳት ድኖ፥ ለወንበርና ለምድጃ ጌጥ የሚሆንበት ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት አቢዳራ ነው ለማለትም ብልጣሶር ነው ለማለትም ያስቸግራል።

ነገሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ ተራ ንግድ ሆኗል። ምእመናን አንሰው የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ሲሸጥ፥ ወይም ደብሩ የቆየውን አግዳሚ ወንበር አንሥቶ በቀላል ወንበር ሲለውጥ፥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ይመጡና ዕንጨቱን ይገዛሉ። አግዳሚው በማዕድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማል፤ የወንጌሉ አትሮንስ ወደ ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ የንስሐ ሣጥን እንኳ የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ አንድ ደብር እንዲህ ያለ ዕቃ ከማውጣቱ በፊት ከሀገረ ስብከቱ የዳኝነት ፈቃድ መቀበል ይገባዋል። ፈቃዱ ከተሰጠና ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ግን ገዢው በቤቱ ምን እንደሚያደርግበት ጠያቂ የለውም።

ልማዱም አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ገዳማቱን ዘጋ፤ በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ደግሞ የአድባራቱ ዕቃ እየተቈጠረ ተወሰደ። ቶማስ ፉለር የተባለ ቄስና የታሪክ ጸሐፊ በ1655 ባሳተመው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው፥ የመሠዊያ ልብስ በባላባቶች አዳራሽ ተሰቀለ፤ የካህናት ካባ የጠረጴዛና የአልጋ ልብስ ሆነ፤ ጽዋው ለዕለት መጠጥ ዋለ፤ ፈረሶችም በእብነ በረድ የሬሳ ሣጥን ውኃ ይጠጡ ጀመር። በሃርድዊክ አዳራሽ እስከ ዛሬ የሚታዩት ትላልቅ መጋረጃዎች በ1570ዎቹ ዓመታት ከካህናት ካባ ተቀደው የተሰፉ ናቸው። በላያቸው የተሣሉት ቅዱሳን አይደሉም፤ እነ ጴኔሎፔና እነ ሉክሬስያ ናቸው። ያሰፋቻቸው የሃርድዊክ እመቤት ኤልሳቤጥ ስትሆን፥ ከባሎችዋ አንዱ የገዳማቱን ሀብት እንዲመዘግቡ ንጉሡ ከሾማቸው ሰዎች ወገን ነበረ። ወርቀ ዘቦው አልጠፋም፤ ጥልፉም እጅግ ያማረ ነው። በካባው ላይ ጸሎት ያደርስ የነበረውን ካህን ግን ዛሬ ማንም አያስበውም።

በፈረንሳይ ደግሞ በኅዳር 2 ቀን 1789 የቤተ ክርስቲያን ሀብት ለመንግሥት እንዲሆን ተወሰነና ገዳማቱ ለጨረታ ወጡ። የክሉኒ ገዳም ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በ1798 ተሸጦ ድንጋዩ እየተነቀለ ለግንብ ሥራ ተቸረቸረ። ከዚህ ጥፋት መካከል ቅርሱን የሚለቅሙ ሰዎች ተነሡ፤ ከእነርሱም አሌክሳንድር ዱ ሶምራር የተባለው በ1832 በፓሪስ ወዳለው ወደ ጥንቱ የክሉኒ አባቶች ማረፊያ ቤት ገብቶ፥ የሰበሰበውን የመካከለኛ ዘመን ዕቃ በዙሪያው ደርድሮ ኖረ። እርሱ ከሞተ በኋላ መንግሥት በ1843 ቤቱንና ዕቃውን ገዝቶ የሕዝብ ሙዚየም አደረገው። ቪክቶር ሁጎ ሰው የሆነው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው፤ ይህንም ሳያስታውሱ ቤቱን መመርመር አይቻልም።

በ1802 የተወለደው ሁጎ ስለ ፓሪሲቱ እመቤታችን ካቴድራል የጻፈውን ልብ ወለድ በ1831 አወጣ። በዓመቱም አብያተ ክርስቲያናትን የሚያፈርሱትን ሰዎች በስድብ ጭምር የሚወቅስ ጽሑፍ አሳተመ። የክርክሩ ፍሬ ሐሳብ እስከ ዛሬ የጥንት ሕንፃ ጠባቂዎች የሚመሩበት ነው፤ ይኸውም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፥ ጥቅሙና ውበቱ፤ ጥቅሙ የባለቤቱ ነው፥ ውበቱ ግን የሁሉ ሰው ስለ ሆነ ባለቤቱ ማፍረስ አይገባውም የሚል ነው። ለሕግ አውጪዎች እንዲህ አድርጎ የተናገረ በዚያ ዘመን ጥቂት ሰው ነበረ፤ ብዙ ግንብም በእርሱ ብዕር ድኗል ቢባል ማጋነን አይደለም።

በታኅሣሥ 2 ቀን 1851 ሉዊ ናፖሌዎን መንግሥቱን በኃይል በያዘ ጊዜ ሁጎ ተቃወመና ተሰደደ። የፓሪስ ቤቱ ዕቃ በ1852 በጨረታ ተሸጠ። ከብራስልስና ከጀርዚ በኋላ በ1855 ወደ ገርንዚ ደሴት ተሻገረ፤ በ1856ም ከአዲሱ የግጥም መጽሐፉ ባገኘው ገንዘብ በኮረብታ ላይ ያለ፥ ባሕሩን የሚያይ፥ ኦትቪል ሃውስ የሚባል ቤት ገዛ። ዕቃውን ሁሉ ያጣ ሰው አሁን ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። በደሴቲቱ መንደሮች እየዞረ ጥርብ ሣጥን ፈለገ፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የካህናት መቀመጫ፥ የተቀረጸ በር፥ የቅዱሳን ምስል፥ ሥዕል የተሸመነበት የግድግዳ ምንጣፍ ገዛ። የደሴቲቱ አናጢዎች እርሱ በወረቀት እየሣለ በሰጣቸው መልክ ዓመታት ሠሩለት። ሁጎ የገዛውን ዕቃ እንዳለ አላስቀመጠም፤ በመጋዝ እየከፈለ፥ የአንዱን ጀርባ ከሌላው እግር ጋራ እያጋጠመ፥ በሩን ጠረጴዛ፥ የሣጥኑን ፊት የግድግዳ ልባስ፥ መቀመጫውን የምድጃ ክፈፍ አደረገው። ስለዚህ ኦትቪል ሃውስ የዕቃ ስብስብ አይደለም፤ ከቃል ፈንታ በኦክ ዕንጨት የተጻፈ ድርሰት ነው፥ እንደ ድርሰትም ሊፈረድ ይገባዋል።

ወደ መብል ክፍሉ የሚገባ ሰው ከበሩ በላይ በላቲን ቋንቋ ሕይወት ስደት ናት የሚል ጽሕፈት ያገኛል። የዳዊትን መዝሙር የሚደግም አንባቢ በዚህ አይደነቅም። በሁለቱ መስኮቶች መካከል የአባቶች ወንበር የሚባል፥ የጳጳስ መንበር የሚመስል ከፍ ያለ የዕንጨት መቀመጫ ቆሟል። የሌሉት አሉ የሚል ቃል ተጽፎበታል፥ ማንም እንዳይቀመጥበትም በሰንሰለት ተዘግቷል። ይህ ወንበር ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የተሻለ ነው። በማዕድ ጊዜ የሞቱትን ማሰብ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፤ መቀመጫውም ባለመቀመጥ ስለ ተጠበቀ የአቢዳራን ቤት ያስታውሳል። ሁጎ ሴት ልጁን ሌኦፖልዲንን በ1843 በወንዝ አጥቷታል፤ ባዶ ወንበር ለእርሱ የጌጥ ነገር ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ልብ ሊል ይገባል።

ከወንበሩ ዘወር ሲሉ ግን የእሳት ምድጃው ይታያል። ከሆላንድ ከተማ ከዴልፍት በመጣ ነጭና ሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ ሲሆን፥ መልኩ የደራሲው ስም የሚጀምርበት ፊደል ነው። (ሁጎ በመጻሕፍቱ ትሕትናን ብዙ ጊዜ አመስግኗታል፤ በቤቱ ግን አላሳደራትም።) በዚህም ግዙፍ ፊደል ጫፍ ላይ ልጅዋን የታቀፈች የእመቤታችን ምስል ቆማለች። ሁጎ በምስሏ አጠገብ ራሱ የገጠመውን ግጥም አጻፈ፤ በግጥሙም እናቲቱ አርነት ትባላለች፥ በክንድዋ ያለው ሕፃንም ዛሬ ታናሽ የሆነ ነገ ግን የሚያድግ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ምስሏ አልተሰበረችም፥ አልተሸጠችም፥ አቧራም አልለበሰችም፤ ስምዋ ብቻ ተለወጠ። በጠራቢው እጅ ቅድስት ድንግል ማርያም ሆና የወጣችው በባለቤቱ ብዕር ሌላ ሆነች። የፈረንሳይ አብዮት ሰዎች በ1793 በፓሪሱ ካቴድራል ውስጥ የአእምሮን በዓል አድርገው ሴትን በአማልክት አምሳል ሲያቆሙ ቢያንስ ያደረጉትን በአደባባይ ያውቁ ነበር፤ ሁጎ ያደረገው ለስላሳ ነው፥ ስለ ለሰለሰም ይበልጥ ይቈረቍራል። ለሕዝብ አርነት መዘመር መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ለዚያ መዝሙር አዲስ ምስል ሊያስጠርብላት ይችል ነበር፥ የሌላዪቱን መንበር መውሰድ አላስፈለገም።

ምንጣፍ በተሰቀለበት ክፍል ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፥ የካቴድራል ፊት የሚመስል የኦክ ምድጃ አለ። በእርሱ ላይ ሁለት የዕንጨት ምስሎች ቆመዋል፤ አንዱ ሲያነብ ሁለተኛው ዐይኑን ወደ ላይ ሲያነሣ ይታያሉ። ሁጎ ከአንባቢው ሥር መጽሐፍ፥ ወደ ላይ ከሚያየው ሥር ሰማይ ብሎ ጽፎባቸዋል። ይህ ጽሕፈት ከመብል ክፍሉ ግጥም ይለያል፤ ምክንያቱም ምስሎቹ አስቀድመው ይሉት የነበረውን ቃል ደገመው እንጂ አልሻረውም። በሌላው ፎቅ ያለው የኦክ አዳራሽ ጋሪባልዲ ሊያድርበት የተዘጋጀ ነበረ፤ የጣልያኑ አርበኛ ግን አልመጣም፥ ሌሊትና ሞትና ብርሃን የሚሉ ቃላት የተጻፉበት ታላቅ አልጋም ማንም ሳይተኛበት ቀረ። ዕንጨቱ እዚህ የቤተ መቅደስን ግርማ ይዟል፥ የሚቀደስበት ነገር ግን የለም፤ ጎብኚ እንደ ገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፥ ለማን ብሎ ዝቅ እንዳደረገ ግን አያውቅም።

የሁጎ ጉድለት ከዚህ ይገኛል። በ1832 ሁለት ባለ መብት ቈጠረ፤ ባለቤቱንና ውበቱን የሚያየውን ሕዝብ። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ግን ሦስተኛ ባለ መብት አለ፤ ዕቃው የተሰጠው ለእርሱ ነው። የካህናቱን መቀመጫ የጠረበው አናጢ ዋጋውን ተቀበለ፥ ገንዘቡን ያወጣው ባላባትም ስሙን አስጻፈበት፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው የአናጢውም የባላባቱም መሆኑ ቀረ። የተቀደሰውን የወርቅ ወይም የብር ዕቃና ልብስ ማንም ለራሱ መገልገያ እንዳያደርግ የሐዋርያት ቀኖና የሚከለክለው ስለዚህ ነው። ይህን ሦስተኛ ወገን ያልቈጠረ ሰው ውበቱን ካዳነ ዘንድ ሁሉን ያዳነ ይመስለዋል። ሁጎም ውበቱን አዳነ፥ ሁሉንም ያዳነ መሰለው።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዕቃዋን ከሰው አስበልጣ አታውቅም፤ በዚህም ነገር ችኩል ፈራጅ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ዳዊት በተራበ ጊዜ ካህኑ የመሥዋዕቱን ኅብስት ሰጠው፥ ጌታም ይህን ጠቅሶ ፈሪሳውያንን ተከራከረ። የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስ በአራተኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት ሰባብሮ አቅልጦ ምርኮኞችን ተቤዠበት፤ ለነቀፉትም ወርቅ ከማዳን ነፍስን ማዳን እንደሚሻል በመጽሐፉ መለሰ። እንግዲህ ዕቃው ከመቅደስ መውጣቱ ብቻውን ኀጢአት አይደለም። የሚጠየቀው ለማን ወጣ የሚለው ነው፤ ለተራበ ወጣ ወይስ ለምድጃ ጌጥ?

የሚያስደንቀው ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ አጥርቶ የመለሰው ራሱ ሁጎ መሆኑ ነው፤ የመለሰውም በዚያው ቤት ውስጥ ነው። አናጢዎቹ ከታች ሲመቱ እርሱ በላይኛው ፎቅ፥ በመስታወት በተሠራች ክፍል፥ ያለ አንዳች ጌጥ ከግድግዳ በተያያዘ ተራ ሳንቃ ላይ ቆሞ ይጽፍ ነበር፤ የሚተኛውም በአጠገቡ ባለች ጠባብ ክፍል በተራ አልጋ ነበር። በ1862 የወጣው፥ ወደ አማርኛም ተመልሶ የከተማ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ሌ ሚዜራብል የሚባለው መጽሐፍ የተፈጸመው በዚህ ነው። የዚያ መጽሐፍ መግቢያ ጳጳሱ ሚርየል የሚኖርበትን ቤት ክፍል በክፍል፥ ወንበር በወንበር ይቈጥራል። ጳጳሱ ሰፊውን ግቢውን ለበሽተኞች ሰጥቶ ሆስፒታል ወደ ነበረው ወደ ጠባቡ ቤት ገብቷል። እንግዳ ሲበዛበት ወንበር ስለማይበቃው ለጸሎት የሚንበረከክበትን ወንበር ከጸሎት ክፍሉ ያስመጣል። ምእመናን ለአዲስ መሠዊያ ብለው ያዋጡትን ገንዘብ ለድኆች ይሰጣል። በመብል ክፍሉ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቡፌ አለ፤ የዚሁ ቡፌ ጓደኛ የነበረውን ሌላውን ደግሞ ጳጳሱ ነጭ ጨርቅና ርካሽ ዳንቴል አልብሶ የጸሎት ክፍሉ መሠዊያ አድርጎታል።

ይህን ቦታ ብዙ አንባቢ ፈጥኖ ያልፈዋል፤ ታሪኩ ገና አልጀመረምና። ዳሩ ግን የኦትቪል ሃውስን ዕቃ ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ይቆማል። መሠዊያውን ወደ ቡፌ የሚለውጥ እጅ፥ ቡፌውን ወደ መሠዊያ የሚለውጥ ጳጳስ ጻፈ። መንገዱ አንድ ነው፥ አካሄዱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በደራሲው ቤት ቅዱሱ ዕቃ ወደ ማዕድ ወርዶ የባለቤቱን ስም ይሸከማል፤ በጳጳሱ ቤት የማዕዱ ዕቃ ወደ ቅድስና ወጥቶ የባለቤቱን ስም ይረሳል። ከአክስት የተወረሱት የብር መቅረዞችም እንዲሁ ናቸው። ተራ የቤት ዕቃ ነበሩ፥ ማንም አልባረካቸውም፤ ጳጳሱ ለሌባው ለዣን ቫልዣን ከሰጣቸው በኋላ ግን ሰውዬው እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ ንዋየ ቅድሳት ጠበቃቸው፥ ሲሞትም በብርሃናቸው ሞተ። ተቺዎች የሁጎን ጳጳስ ከልክ ያለፈ ደግ ነው እያሉ ይነቅፉታል። ነቀፋው ከቶ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የቤቱ ዕቃ ዝርዝር ጳጳሱን ከስብከቱ ይልቅ ሕያው ያደርገዋል፥ ምክንያቱም ደራሲው ከዕንጨት ጋራ ዓመታት ታግሏልና የአንድ ወንበር ዋጋ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጳጳሱ ሁጎ ሊሆን ያልቻለው ሰው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሁጎ ሌሎች ሰዎች በዘረፉት ዕቃ ላይ ሲፈርድ ዐይኑ ብሩህ ነበረ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር የቻይናን ንጉሥ የበጋ ቤተ መንግሥት በ1860 ዘርፎ ባቃጠለ ጊዜ፥ በኅዳር ወር 1861 በጻፈው ደብዳቤ ሁለቱን መንግሥታት በወንበዴ መስሎ ዕቃው እንዲመለስ ተመኘ። በ1865 ግን በዚያ ዘመቻ የነበረ መኰንን ከዚያው ቤተ መንግሥት ያመጣውን ሐር ለቤቱ መግዛቱን በማስታወሻው ጻፈ። ከዚህም ሦስት ዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 1868፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1860፥ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ቤተ መንግሥትና መድኃኔ ዓለምን ዘረፈ፤ ከብሪታንያ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋራ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነገሥታት ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ለሙዚየሙ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። በ1911 እስኪሞት ድረስም በእጁ ቆየ፤ በ1917 በሎንዶን በጨረታ ተሸጠ። የሁጎን ኦክ ከዚህ ጋራ አንድ ማድረግ ግን ፍርድ ማጣመም ነው። እርሱ የገዛው ዕንጨት ባለቤቱ የጣለው፥ አለዚያም ለማገዶ የሚሆን ነበረ፤ የመቅደላው ሥዕል ግን የሚሳለመው ሕዝብ በሕይወት ሳለ ተወሰደ። የተጣለውን ማንሣትና የተያዘውን መንጠቅ በአንድ ስም አይጠሩም፥ ሁለቱም በአንድ ዐይነት ግድግዳ ላይ ቢያምሩ እንኳ።

ሁጎን የሚያመሰግኑ ሰዎችም ተገቢ ነገር ይናገራሉ። እርሱ ባይገዛቸው ከእነዚያ ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ አመድ በሆኑ ነበር። የደሴቲቱ ገበሬዎች ጥርቡን ሣጥን ለገብስ ማስቀመጫ ያደርጉት ነበር፤ ጠራቢዎቹም ስማቸው ባይታወቅ የእጃቸው ሥራ በዚያ ቤት እስከ ዛሬ ይታያል። ደግሞም አንድን አሮጌ የካህናት መቀመጫ የሚያበላሸው የሚያነሣው ሰው ብቻ አይደለም፤ የጣለው ካህንም አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ካህናት ራሳቸው አዲስ ልማድ ወድደው የጥንቱን የመቅደስ መጋረጃ ግንብና ባለ ቀለም መስታወት ከካቴድራሎቻቸው አወጡ፤ አብዮተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴውንና ገዢውን ከመውቀስ አስቀድሞ ዕቃ ቤቱን የቈለፈውን ሰው መጠየቅ ይገባል፤ ምን ወጣ፥ በማን ፈቃድ ወጣ፥ ወደ ማንስ ሄደ? አንድ ያረጀ አትሮንስ እግሩ ስለ ተሰበረ ብቻ ወደ ገበያ ከወጣ፥ በሰው እልፍኝ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ሲገኝ መቈጣት ዘግይቷል።

ገዢውም ቢሆን ማድረግ የሚችለው ነገር አለው፤ የኦትቪል ሃውስ የአባቶች ወንበርም ያስተምረዋል። ዕቃውን በቤቱ ያኑር፥ ያመጣበትን ደብር ስም ግን አይፋቅ፤ መቀመጫ ከሆነ ይቀመጥበት፥ አግዳሚ የተሠራው ለመቀመጥ ነውና፤ ምስልን ግን ስሙን አይለውጥ፤ በምሥጢረ ቍርባን ያገለገለውን ደግሞ ከቶ አይግዛ። ጽዋና የማዕድ ወንበር ሁለቱም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቢወጡ ትክክል አይደሉም፤ የእንግሊዝ ባላባቶች በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የሳቱት ይህን ልዩነት ነው፥ የዛሬ ነጋዴዎችም በአንድ መስኮት ሲደረድሯቸው ያንኑ ይደግማሉ።

ሁጎ በ1870 ወደ አገሩ ተመለሰ፥ ወደ ገርንዚም ከዚያ ወዲህ የሄደው ለጥቂት ጊዜ ነው። በ1885 በሞተ ጊዜ በኑዛዜው እንደ ፈለገ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሳይደረግለት ተቀበረ። መንግሥትም የመቃብሩ ቦታ እንዲሆን በቅድስት ዠነቪየቭ ስም የነበረውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ አውጥቶ የታላላቅ ሰዎች መቃብር አደረገው፤ ዛሬም ፓንቴዎን ይባላል። አንድ ወንበር ከመቅደስ ወደ እልፍኝ የወሰደ ሰው በመጨረሻ መቅደሱ ሁሉ ተወስዶ ማረፊያው ሆነ።

ኦትቪል ሃውስን የልጅ ልጆቹና ወራሾቹ በ1927 ለፓሪስ ከተማ ሰጡ። ቤቱ ብዙ ተጐድቶ ስለ ነበረ ተዘግቶ ታደሰ፥ በሚያዝያ 7 ቀን 2019 እንደ ገና ለጎብኚ ተከፈተ፤ ምንጣፉ ተጠግኖ፥ ኦኩ ተወልውሎ፥ በምድጃው ላይ ያለችው እመቤትም በቦታዋ ሆና ታየች። ከተከፈተ በስምንተኛው ቀን፥ በሚያዝያ 15፥ እርሱ በወጣትነቱ የተሟገተላት የፓሪሲቱ ካቴድራል ተቃጠለች። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረው የጣሪያዋ የኦክ ወራጅና ማገር በአንድ ሌሊት ከሰል ሆነ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጠረበው የካህናቱ መቀመጫ ግን ከእሳቱ ተረፈ፥ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 ሲከፈት በመዘምራኑ ስፍራ በግራና በቀኝ እንደ ነበረ ተገኘ።